የስኳር ደም

የልጅ ልጄ ፊልም ትሠራለች ሲሉኝ የመሰለኝ ሠርግ መቅረጽ ነው። ያኔ ለንደን ውስጥ ሠርግና ክርስትና በቪዲዮ የሚቀርጹ የኛ ልጆች ነበሩ፤ ስለዚህ «ደግ ነው፣ ሥራ ነው» ብዬ ዝም አልኩ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኬኒንግተን ካለው ቤቴ መጥታ «እማማ፣ ተነሺ፣ የጓደኞቼን ፊልም ላሳይሽ» ብላ እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

አዳራሹ አሮጌ ነው። የፕላስቲክ ወንበር፣ ፊት ለፊት ነጭ ሸራ፣ ከኋላችን እንደ ልብስ ስፌት መኪና የሚንጣጣ ማሽን። የተቀመጠው ሰው ግማሹ ጥቁር ነው፣ ግማሹ ሕንድና ዐረብ፣ ፈረንጅ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያለበት። ፊልሞቹ አጫጭር ናቸው፤ አንዱን ሻዬ ሳይበርድ ይጨርሱታል። የሠሯቸውም እንደ ልጅ ልጄ ያሉ፣ ከሌላ ሀገር የመጡ ሰዎች ልጆች ናቸው። በጋናው ልጅ ፊልም ላይ አንድ ተማሪ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሁለት ጎረምሶች አንገቱን ይዘው ጭንቅላቱን በሱቅ መስተዋት ውስጥ ያሳልፉታል። መስተዋቱ ሲረግፍ አለቀ። በቤንጋሏ ልጅ ፊልም ላይ ምድር ቤት ተቀምጣ የምትሰፋ ሴት ጣቷን መርፌ ይበሳዋል፤ አሠሪዋ ጨርቁን ከደሙ ያሸሽና «ቀጥዪ» ይላታል። አለቀ። በሦስተኛው ፊልም አባት ልጁን ሲገርፍ ቀበቶው ብቻ ነው የሚታየው፣ ሲወጣና ሲወርድ። እኔ ነጠላዬን ዓይኔ ላይ ጣል አድርጌ በስሱ ነበር የማየው።

ስንወጣ «ምነው ልጄ፣ ከናንተ ውስጥ የሚስቅ ሰው የለም?» አልኳት።

«አለ እማማ። ፊልሙ አጭር ስለሆነ ግን ከሚያመን ነው የምንጀምረው።»

ቢሆንም መሄዴን አልተውኩም። እግሬ ቤት አይቀመጥልኝም፤ ያገኘሁት አውቶቡስ ላይ ወጥቼ የማላውቀው ሰፈር የምወርድ ሰው ነኝ። ፊልም ማየትም ከመዞሬ ጋር ተቆጠረልኝ። ደግሞ ማንበብ አይጠይቅም። ሲመቱ ታያላችሁ፣ ሲያለቅሱ ታያላችሁ፣ ሌላ ምን አለው?

እቤቴ ውስጥ ያለውን ግን ማንም አላየውም። ወንድ ልጄ ኤድመንተን አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጭን ያድር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ከሥራ ወጥቶ አውቶቡስ ሲጠብቅ ሦስት ሰዎች መጡበት። መንጋጋውን ሰበሩት፣ ጎድኑን ሰበሩት፣ አንድ ጆሮው እስከ ዛሬ አይሰማም። ሆስፒታል ስደርስ አልጋውን አልፌው ሄጄ ነበር። ፊቱ ፊት አልነበረም፤ ያበጠ፣ የጠቆረ፣ ዓይን የሌለው ነገር ነው። «ልጄ የታለ?» እያልኩ ወደሚቀጥለው አልጋ ስሄድ ከአንሶላ የወጣ እግር አየሁ። ሁለተኛው ጣት ከአውራው ጣት ይረዝማል። የአባቱ እግር ነው። በእግሩ አወቅኩት።

መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ከከረመ በኋላ እኔ ጋ መጥቶ የኋላውን ክፍል ያዘ። ያዘ ስል ያዘ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ከቤት አልወጣም። የሰጠሁትን ይበላል። ቴሌቪዥን ድምፁን አጥፍቶ ያያል። ከአፉ የሚወጣው «እሺ»፣ «ጠግቤያለሁ»፣ «ተዪው» ብቻ ሆነ። የመቱት ሰዎች አልተያዙም። እንዴት እንደመቱት አንድ ቀን አልነገረንም። ሐኪምም መጣ፣ ቄስም መጡ፣ ግድግዳውን እያየ ዝም አላቸው። እኔ ከእግዚአብሔር የምለምነው ትልቅ ነገር አልነበረም፤ ያን በር ከፍቶ ወጥቶ እንደ ሰው ከሰው መሀል እንዲቆም ብቻ ነው።

የልጅ ልጄ «አንቺ» ነው የምትለኝ፤ የምትፈልገው ነገር ሲኖር ግን «እርስዎ» ታመጣለች። አንድ ቀን «እማማ፣ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር» ስትል ሳትጨርስ «አይሆንም» አልኳት።

«ገና ምን አልኩሽ?»

«እርስዎ ብለሽኛል እኮ። ምን ብትፈልጊ ነው?»

የፈለገችው የአጎቷን ነገር ፊልም ማድረግ ነው። አሥር ደቂቃ እንኳ የማይሞላ፣ አንድ ሰው ሲደበደብ። ኤድመንተን ሄዳ መንገድ ላይ ለመቅረጽ ፈቃድ አፕላይ ማድረግ አለባት፤ የኛ የካውንስል ቤት፣ የቀበሌ ቤት በሉት፣ ደረጃው ግን ማንንም አያስጠይቅም አለች።

«በሩ ሥር ልታስደበድቢው ነው? ሁለተኛ?»

«ኖ እማማ፣ እሱን እኮ አይደለም። አክተር ነው የሚደበደበው።»

«ጩኸቱ ይሰማዋል። አንድ ጆሮ አለው እኮ ልጄ! የሞተ ሰው አደረግሽው እንዴ?»

«ሲሪየስሊ እማማ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ እስኪያረጅ ነው የምንጠብቀው? አንቺ ትጸልያለሽ፣ እናቴ ታለቅሳለች። እኔ የማውቀው ይኼን ነው።»

ሄዳ በሩን አንኳኳች። «ጋሼ፣ ባንተ ነገር ፊልም ብሠራ ቅር ይልሃል?» ከውስጥ «ተዪው» አለ። እሷ «ግድ የለም፣ ሥሪው» ማለቱ ነው ብላ ወሰደችው። እኔ «እንዳትነኪው» ብዬ ሰማሁት። አንዱን ቃል ይዘን ሁለታችንም ያሻንን አደረግነው፤ እሱ ደግሞ አልደገመውም።

ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ በወጣት ሞላ። ካሜራ የምትይዘው የናይጄሪያ ልጅ ናት፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። ተደብዳቢው ወላጆቹ ከጃማይካ የመጡ ልጅ ነው፤ ዳቦ ቤት ይሠራል፣ ሲመጣ እጁን አጣጥፎ አይመጣም። ደብዳቢዎቹ ሁለት ነጭ ተማሪዎች ናቸው፤ አንዱ ፀጉሩ ቀይ፣ ረጅም፣ አንዱ ድንቡሽ ያለ። እነዚህን እንዴት አድርጌ ልጥላቸው? ቀዩ ሽሮዬን ሳህኑ እስኪያበራ ይጠርገዋል። ድንቡሹ ሳልለው ዕቃ ያጥባል። ሁለቱም «ማማ» ይሉኛል። ከዚያ ተነሥተው ሳሎኔ ውስጥ ትራስ መሬት ላይ ጥለው እርግጫ ይለማመዳሉ።

የልጅ ልጄ «አክሽን!» ስትል እርግጫው ይጀመራል፤ «ካት!» ስትል ሁሉም ቀጥ ይላል፣ ወዲያው ይስቃሉ።

«ካት ማለት ምንድን ነው?» አልኳት።

«ካት ስል ሁሉም ነገር ይቆማል እማማ። መምታትም ቢሆን፣ መሮጥም፣ ማልቀስም። የሞተውም ይነሣል።»

«ታዲያ ከት ብለው የሚስቁት ለዚህ ነው?»

እሷም ሳቀች፣ ለነሱም በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው። እኔ ግን ቃሉን ወደድኩት። በቀይ ሽብር ጊዜ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጥቼ የጎረቤቴን ልጅ አስፋልት ላይ ተዘርግቶ ያየሁ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ቃል እኛ ዘንድ ቢኖር ስንቱ በተረፈ ነበር አልኩ በሆዴ። ቴሌቪዥን ላይ ሰው ሲደባደብ «ካት!» ማለት ጀመርኩ። ደረጃው ላይ ውሾች ሲናከሱ «ካት!» እላለሁ። የኔ እንግሊዝኛ የገበያና የአውቶቡስ እንግሊዝኛ ነው፤ ያ ቃል ሌላ ሥራ ይኖረዋል ብዬ አልጠረጠርኩም።

ደሙን በኔው ድስት ሠሩት። ስኳር እንደ ሽሮፕ አፍልተው ቀይ የምግብ ቀለም ጨመሩበት፤ በጣም ሲደምቅባቸው ካካዎ ነሰነሱበት። ቤቱ ከረሜላ ከረሜላ ሸተተ። የዳቦ ቤቱ ልጅ በማንኪያ እየላሰ «የምሞተው ጥርሴ በልቶኝ ነው» ይል ነበር።

ለእኔም ሥራ ሰጠችኝ። ዘንቢሌን ይዤ ደረጃውን ስወጣ ድብደባውን አያለሁ፣ አፌን በእጄ እይዛለሁ። በቃ። «ምንም እንዳትናገሪ እሺ እማማ? ዝም ብለሽ እዪ።»

የቀረጹበት ቀን ደመናማ ከሰዓት ነው። የኛ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው የሚያወጣውን ደረጃ ያዙ። ባለካሜራዋና የልጅ ልጄ ከላይ ከመታጠፊያው ጀርባ ቆሙ፤ ከታች ለሚመጣ ሰው አይታዩም። የልጄን በር አለፍ ስል አየሁት፤ ተዘግቷል። እኔ ከታች የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ዘንቢሌን ይዤ ቆምኩ።

«አክሽን!»

የዳቦ ቤቱ ልጅ ወደቀ። ሁለቱ መጡበት። ለካ ሳሎን ውስጥ ትራስ መምታትና ሲሚንቶ ላይ የተኛ ሰው አጠገብ እግር ማንሣት አንድ አይደለም። ግድግዳው ጩኸቱን ይመልሳል። ቀዩ የሚሰድበውን ስድብ አላውቀውም፤ ግን ያ ሳህኔን የሚጠርገው አፉ ተጣሞ ሌላ ሰው ሆነብኝ። ልጁ ላይ የቀቡት ደም በደረጃው ወደ እኔ ወረደ። አፌን ያዝኩ። ማስመሰሌ አልነበረም።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ጎረቤት አለን፤ ከጃማይካ የመጣ፣ ምንጣፍ አንጣፊ፣ ደረቱ በር የሚያህል ሰውዬ። ገበያ ስሄድ ካየኝ ዘንቢሌን ሳይቀበለኝ አያልፍም። ወንድሙን በልጅነቱ ነጮች ደብድበውበት ሰውነቱ እንደዛለ ቀርቷል፤ ይኼን ሁሉም የሚያውቀው ነው። ያን ቀን ከሥራ ሲመለስ የሥራ ቀበቶው ወገቡ ላይ ነው፣ ምንጣፍ መቁረጫው ቆልማማ ቢላም እዚያው ተሰክቷል። ደረጃው ሥር ሲደርስ ያየው ምንድን ነው? ሁለት ነጮች አንድ ጥቁር ልጅ በደም ነክረው ሲረግጡ፣ አሮጊቷ ጎረቤቱ አፏን ይዛ ቆማ።

አጠገቤ ሲያልፍ ነፋሱ ብቻ ነው የተሰማኝ። ቀዩን ልጅ በአንገትጌው ይዞ ግንባሩን ከብረቱ መደገፊያ ጋር አጋጨው። ብረቱ እንደ ደወል ጮኸ። ድንቡሹ «ኖ! ኖ!» እያለ እጁን ሲያነሣ በቡጢ አፉ ላይ ሰጠው፤ አንድ ጥርስ ደረጃው ላይ ሲንከባለል አየሁ። ከላይ የልጅ ልጄ «ፊልም ነው!» እያለች ትጮኻለች፣ ድብደባው ግን ድምፅዋን ዋጠው። እሱ ቀዩን መልሶ አነሣውና መልሶ አጋጨው።

እኔ ያለኝ ቃል አንድ ነው። ዘንቢሌን ጥዬ እጅጌውን ያዝኩና ከሆዴ ጮኽኩ፦ «ካት! ካት!»

ዞሮ አየኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። እሱ የሰማው ግን ሌላ ነው። በነሱ ቋንቋ «ቁረጥ» ማለት ነው ለካ። እጁ ወደ ወገቡ ሲሄድ እያየሁ፣ ለምን አልቆመም ብዬ ጭራሽ አበዛሁት፤ «ካት! ካት! ካት!» ቢላው ወጣ።

ላይ አንድ በር ሲበረገድ ሰማሁ። ልጄ ባዶ እግሩን፣ ጥቁር ሹራቡን እንደለበሰ፣ ደረጃውን የወረደው አይመስለኝም፤ ወደቀበት ነው የምለው። ቀዩ ልጅ ላይ ሙሉ ሰውነቱን ጣለበት፣ ጭንቅላቱን በክንዱ ሸፈነለት። ቢላው የደረሰው የሱ ክንድ ላይ ነው። ከክርን እስከ አንጓ፣ እንደ ጨርቅ ሲቀደድ ድምፅ አለው።

ጎረቤታችን የሦስተኛውን ፎቅ ሰው አወቀው። ቢላው ከእጁ ወደቀ። የዳቦ ቤቱ ልጅ በደም እንደተነከረ ብድግ ብሎ ተቀመጠና «ፊልም ነው ወንድሜ፣ ፊልም ነው» ይለው ጀመር። ሰውዬው ግድግዳውን ተደግፎ እየተንሸራተተ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ወደኔ እያመለከተ አንድ ነገር ይደጋግማል። የልጅ ልጄ በኋላ ስትነግረኝ ነው የገባኝ። «ቁረጥ አለችኝ እኮ» ነው የሚለው። «ማማ ናት ቁረጥ ያለችኝ።»

አምቡላንስ ሲመጣ ሰዎቹ ሮጠው የሄዱት የዳቦ ቤቱ ልጅ ላይ ነው። ከጭንቅላቱ እስከ ጉልበቱ ቀይ ነዋ። ሊያስተኙት ሲታገሉ እሱ «ሹገር! ሹገር ነው!» እያለ ይጮኻል። አንደኛው ይኼን ሲሰማ የስኳር በሽተኛ ነው ብሎ ጣቱን የሚወጋበት መርፌ አወጣ። ልጁም ቢጨንቀው መዳፉን ላሰ፣ ከዚያ ወደ ሰውዬው አፍ ዘረጋለት። እኔ በዚያ ሁሉ መሀል ልጄን ፈለግኩት። ግድግዳው ሥር ቆሟል። ጥቁር ሹራብ ደም አያሳይም። ያወቅኩት ከባዶ እግሩ ሥር የሚሰፋውን ኩሬ አይቼ ነው። ከስኳሩ ጋር ተገናኝቶ ነበር፤ የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም። ጮኽኩ፣ ያኔ መጡለት።

ፖሊሶች መጡ። «ማነው የወጋህ?» አሉት። ጎረቤታችን እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሊናገር አፉን ሲከፍት ልጄ ቀደመው፣ እንግሊዝኛው እንደ ውሃ ወረደ። ፊልም እየቀረጽን ነው፣ ጎረቤታችንም በፊልሙ ውስጥ አለበት፣ የውሸቱን ቢላ በእውነተኛው ተሳስተን ለወጥነው፣ አደጋ ነው፣ ማንም ማንንም አልወጋም፤ ይኼን ሁሉ ተናገረ። ከዚያ ቀዩን ልጅ አየው። ቀዩ ግንባሩ እንቁላል አክሎ «አዎ፣ ፊልም ነው» አለ። ድንቡሹም በደም የተሞላ አፉን እንደዘጋ ራሱን ነቀነቀ።

ፖሊሱ ጎረቤታችንን «አክተር ነህ?» አለው።

ሰውዬው እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብሎ እያለቀሰ «አዎ» አለ።

ልጄ ያን ያህል ቃል በአንድ ላይ ሲናገር ከተደበደበ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። የመጀመሪያው ንግግሩ ውሸት ሆነ። ይሁን፤ እኔ የሰማሁት ድምፁን ነው።

ሆስፒታል ክንዱን ሲሰፉት የልጅ ልጄ አጠገቡ ቆማ ታለቅሳለች። «ጋሼ፣ ሶሪ። እተወዋለሁ። ፊልሙን እጥለዋለሁ፣ ፕሮሚስ።»

«ደረጃው ልክ አይደለም» አላት።

«ምን?»

«ደረጃ ላይ ማንም አያይም። እኔን ግን እያዩኝ ነበር።» ቀና ብሎ ተቀመጠ፣ የምትሰፋው ነርስ ተቆጣችው። «ደግሞ ያንቺዎቹ ይጮኻሉ። እነሱ አልጮኹም። ዝም ብለው ነው የመቱኝ፣ እንደ ሥራ። አንዱ ጫማው እንዳይቆሽሽበት እያየ ነበር የሚረግጠኝ። እኔ እጄን አነሣሁ፤ ይበቃኛል ለማለት አይደለም። አውቶቡሱ እየመጣ ስለነበር ነው።»

«የትኛው አውቶቡስ?»

«የምጠብቀው። ጠዋት ነው፣ ሥራ ገቢ ሞልቶታል። መጣ። ቀስ አለ። ሾፌሩ አየኝ፣ ሄደ። የአውቶቡሱ ፎቅ ላይ አንዲት ሴት በመስኮት ታየኛለች። መስተዋቱ በትንፋሽ ደብዝዞባት በእጅጌዋ ወለወለችው፤ በደንብ እንድታየኝ። እያየችኝ ሄደች።»

እኔ ወንበሩ ላይ ነበርኩ። ስንቱን ቀን እዚያ ፎቅ ላይ ተቀምጬ መስኮት ስወለውል ውያለሁ።

ስፌቱ ወጥቶለት ክንዱ ሲድን ኤድመንተን ሄድን። ፈቃድ አልጠየቁም። የወሰደን ጎረቤታችን ነው፣ በምንጣፍ መጫኛው መኪና፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያደርገውን አጥቷል፣ ኩሽናዬን ሳይቀር ምንጣፍ ሊያነጥፍልኝ ነው። ልጄ በሩን ከፍቶ ሲወጣ አንድም ነገር አላልኩም፣ ዞሬም አላየሁት፣ እንዳይመለስብኝ። መንገዱን ሁሉ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ሄደ።

ሐሳቡ የሱ ነው። የልጅ ልጄ ከተዋንያኑ ጋር መጠበቂያው ላይ ትቀራለች። ባለካሜራዋ፣ ልጄና እኔ አንድ ፌርማታ ወደ ኋላ ሄደን አውቶቡስ እንሳፈራለን፣ ፎቅ ላይ እንቀመጣለን፣ ከመስኮቱ እንቀርጻለን። አውቶቡሱ ያልፋል፣ የሚደበደበው ሰው ለጥቂት ጊዜ ይታያል፣ ይጠፋል። ፊልሙ ይኼ ነው አለ። የሚያልፈው ነው።

ተሳፈርን። ሰው ሞልቶታል። ካሜራዋ ከመስተዋቱ ጋር ተለጠፈ። መጠበቂያው ታየ፣ የዳቦ ቤቱ ልጅ መሬት ላይ፣ ሁለቱ ከላዩ፣ ያለ ድምፅ።

ከፊታችን እኔን የምታክል ነጭ አሮጊት፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ መንገዱ ላይ ሲያርፍ ጩኸቷን ለቀቀችው። ብድግ ብላ ደወሉን ትደውላለች፣ ትደውላለች። ሌላውም ተነሣ፣ መስተዋቱን ይደበድባል፣ «አቁም!» ይላል። ሾፌሩ መንገዱ መሀል ላይ ፍሬኑን ረገጠው፣ ሁላችንም ወደፊት ተወረወርን። በሩ ተከፈተ፣ ሰው ጎረፈ። አንዱ ድንቡሹን በጃንጥላ ጀርባውን ጀርባውን ይለዋል፣ ሌሎቹ ቀዩን መሬት ላይ ጥለው ተቀመጡበት። አሮጊቷ የዳቦ ቤቱን ልጅ ጭንቅላት አቅፋ በስኳሩ ደም ካፖርቷን አበላሸችው።

ልጄ ለአፍታ ተቀምጦ ቀረ። ከዚያ ወረደ። እኔ ሊያመሰግናቸው መሰለኝ። የሆድ ዕቃው የሚወጣ እስኪመስል ጮኸባቸው፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ፣ ግማሹ በኛ። «አሁን ነው? አሁን ነው የምትቆሙት? የት ነበራችሁ? የት ነበርሽ አንቺ?» አሮጊቷ ላይ። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጣብቃ ትንቀጠቀጣለች። ሾፌሩ ላይ። ባለ ጃንጥላው ላይ። የሚደርስበት ሰው ሲያጣ የመጠበቂያውን መስተዋት በዚያ ገና በዳነ ክንዱ መታው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ በሦስተኛው ረገፈ። ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ። ልይዘው ስሄድ በክርኑ ገፋኝ፣ ልጄ እኔን ገፋኝ፣ ወደቅኩ። የልጅ ልጄ አፏን ከፍታ ቀርታለች። ያቺ የናይጄሪያ ልጅ ብቻ ፎቅ ላይ ከመስኮቱ አልተነቃነቀችም፤ ሁሉንም ቀረጸችው።

ፊልሙ ዊልስደን ውስጥ አንድ አዳራሽ ታየ፣ ከሌሎች ጥቁሮችና ስደተኞች አጫጭር ፊልሞች ጋር። የደረጃውን ሁሉ ጥላዋለች። መስኮቱ ነው፣ መንገዱ ነው፣ የሚቆመው አውቶቡስ ነው፣ ከዚያ የልጄ ጩኸት ነው። የአማርኛውን ከሥሩ አልተረጎመችውም። መስተዋቱ ሲረግፍ ከኋላ ያለች ሴት ጮኸች። መብራት ሲበራ ጭብጨባ ነበር፣ ግን የፈራ ጭብጨባ ነው።

ጥያቄ ተጀመረ። አንዱ «ያን መስተዋት የሚሰብረውን አክተር ከየት አገኘሽው? በጣም ጎበዝ ነው» አላት። የልጅ ልጄ ወደኛ አየች። እኔ የልጄን እጅጌ ያዝኩ፣ ተቀመጥ ለማለት። ተነሣ።

«እኔ ነኝ» አለ። «አክተር አይደለሁም።»

ከፊት የተቀመጠ ሽበታም ሰውዬ፣ ንግግሩ የካሪቢያን፣ ዞሮ «ሰዎቹ እኮ ወርደው ሊረዱ ነው የመጡት፤ ለምን ጮኽክባቸው?» አለው።

ልጄ መለሰለት። እጅጌውን እየጎተትኩ «ምን አልከው? ምን አልከው?» ስለው ወደኔ ጎንበስ ብሎ በአማርኛ ደገመልኝ፦ «ያን ቀን አውቶቡሱ መቆም የማይችል ይመስለኝ ነበር። እንዲያ ነው ብዬ ነበር እቤት የተኛሁት። ለካ ይቆማል። አንድ ሰው ደወሉን ከጫነው ይቆማል። ለዚህ ነው የጮኽኩት አልኩት።»

ሰውዬው አልተስማማም፣ ብድግ አለ። ሌላ ሴት ተነሥታ ለልጄ አገዘች። አንዱ ያችን አሮጊት ማስደንገጥ ነውር ነው አለ፤ እዚህ ላይ እኔም ከሱ ጋር ነበርኩ፣ ግን የጠየቀኝ የለም። ነገሩ ከረረ። ወንበር የሚሰበስበው ሠራተኛ መብራት እያጠፋ እያበራ ሊያስወጣን ይሞክራል። እኔ ወገቤን አሞኝ «በል ልጄ፣ እንሂድ» አልኩት።

«አንቺ ቅደሚ እማዬ» አለኝ፣ ፊቱን ወደኔ እንኳ ሳያዞር። «ከዚህ ሰውዬ ጋር አልጨረስንም።»

ነጠላዬን አጣፋሁና ወጣሁ። ከውጭ ቆሜ በበሩ ክፍተት አየሁት። ሽበታሙ ጣቱን ደረቱ ላይ እየወጋበት ይናገራል፣ ልጄ የሰውዬውን እጅ ገፍቶ መልስ ይሰጣል፣ ሰው ከቧቸዋል፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይጮኻል። የልጄ የአንገቱ ደም ሥር ተገትሯል። ልገባ ብዬ በሩን ያዝኩ፣ ከዚያ ለቀቅኩት። ትቻቸው ሄድኩ።